ከዓይን እስከ መሪ

መኪናዋ ወደ ጋራዡ የመጣችው ያለ ዓይን ነው። ከውጭ ላያት ምንም አልጎደላትም፤ ኮፈኗ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጥቁር ቀለሟ እንደተወለወለ ጫማ የሚያበራ አሮጌ እመቤት ናት። በሩን ከፍቶ አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባ ሰው ግን ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። የፍጥነት መለኪያው፣ የነዳጁ፣ የሙቀቱና የዘይቱ ጌጆች የሚሰኩበት ዳሽቦርድ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በቦታው ጥቁር ጉድጓድ ቀርቷል። ከጉድጓዱ የተንጠለጠሉት የተቆረጡ ሽቦዎች፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ በጨለማ የጠፋ ነገር እንደሚፈልጉ ጣቶች ይወዛወዛሉ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለች ነዳፊዋ ያን ቀን።

«የቸኮለ ሰው» አለ አጎቷ፣ የጋራዡ ባለቤት። «አይጥ እንደሆነ መፍቻ አትይዝም።»

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ነዳፊዋ ሩቅ አገር ተምራ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ለአሮጌ መኪኖች አዲስ ዳሽቦርድ መንደፍ ነው። እዚያ ሳለች እዚህ አንድ ነገር ረስታ የሄደች ይመስላት ነበር፤ እዚህ ስትመጣ ደግሞ የረሳችው እዚያ የቀረ መሰላት። ሰዉም አልረዳትም። ከሩቅ ለመጣ ሰው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይነገረውም፤ እያንዳንዱ «ሌላው ነግሯታል» ብሎ ያልፋል።

በጋራዡ «ሚሊሜትር» ነው የሚሏት። የሚነዳውን ሰው ሳትለካ እርሳስ አታነሳም። ሰውየውን ወንበሩ ላይ ታስቀምጥና ሰባት ልክ ትወስዳለች፤ ከዓይኑ እስከ መሪው፣ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ፣ እንዲህ እያለች። ከዚያ በዚያው ልክ ከኮምፔንሳቶና ከጣውላ የእንጨት ሰው ትሠራለች። የእንጨቱን ሰው በባለቤቱ ቦታ አስቀምጣ፣ ከዓይኑ ክር ስባ፣ ክሩ በሚያርፍበት ቦታ ጌጆቹን ትተክላለች። «እጅ መዳበስ የለበትም፣ ዓይንም መንከራተት የለበትም» ትላለች። የእሷ ዳሽቦርድ የተገጠመለት ሰው መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ የሚያውቀው ሰው በስሙ የጠራው ይመስለዋል።

ይህን ሕጓን የጣሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጣሰችውም ስለወደደች ነው።

መኪናዋን ያመጣው የከተማው ማተሚያ ቤት ባለቤት የሆኑት የእትዬ ልጅ ነበር። ከተማው በሙሉ «ትንሹ» ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ያም ሆኖ ትንሹ ነው። ኮቶቹ ሁሉ ውድ ናቸው፣ እጅጌያቸው ግን ስለሚረዝመው ሁለቴ ያጥፈዋል። መኪናዋ ከመጎተቻው ስትወርድ ራቅ ብሎ ቆመ። ሌላው ሰው ሁሉ መኪናዋን ሲያይ እሱ ነዳፊዋን አየ። ዓይን ለዓይን ሲጋጩም ቀድሞ አቀረቀረ፤ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው። አንጀቷን የበላት ያ አቀርቃሪነቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከጋራዡ ግድግዳ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ መገናኘት ጀመሩ። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ልጦ ያካፍላታል። ወደ መኪናዋ ግን አንድም ቀን ቀርቦ አያውቅም። «ሳታልቅ እንዳላያት እናቴ ብላለች» ይላል። በሌላው ቀን ደብዳቤ ይልክላታል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ከወረቀት ጠርዝ የሚቆረጥ ትራፊ አለ፤ ወርዱ ሁለት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ። የሚጽፍላት በእሱ ላይ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ወረቀቱን እንደ ሜትር መሳብ ነበረባት። ከረጅሙ ወረቀት መጨረሻ ላይ «ሚሊ» የሚለውን ስሟን ስታገኝ እንደገና ከመጀመሪያው ታነባለች።

የመለካት ቀን ሲደርስ ሜትሩን ይዛ ወጣች። ትንሹ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የላሜራው መዶሻ ዝም አለ። ቀለም ቀቢው የማያስፈልገውን ቆርቆሮ አንስቶ ማየት ጀመረ። አጎቷ አሳለ። የእትዬ ሾፌር ደግሞ ከውጭ፣ በመኪናው መስኮት፣ አፍጥጦ ያያል። የማተሚያ ቤቱን ወራሽ አንገት የጋራዥ ልጅ በእጇ ልትይዘው ነው። ጣቷ የሜትሩን ጫፍ ለቀቀ። ሜትሩ እየተጠቀለለ ተመልሶ ወደ ቤቱ ገባ።

የዚያን ጊዜ ሾፌሩ ወርዶ ፖስታ ሰጣት። የእትዬ ጽሕፈት ነው። «ልጄን በሰው ፊት አታንገላቺው። የልጄን ልክ ራሴ ጽፌልሻለሁ።» ሰባቱም ቁጥር ተደርድሯል። ከሥር ደግሞ፦ «አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። ግራኝ ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ስትከት የተሰማት እፎይታ ነው። እፎይታ ብቻ።

* * *

የእንጨቱ ሰው በሁለት ሳምንት ተሠራ። ሲቀመጥ ከምታውቀው ትንሽ በለጠባት። «ፍቅር ሰው ያሳጥራል ማለት ነው» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ረጅም ሆኖ፣ አንገቱ ቁጥሩ እንዳዘዘው ወደ ግራ አጋደለ። ፊት አልሠራችለትም፤ በዓይኑ ቦታ ሁለት ሚስማር ብቻ።

ጠዋት ጠዋት ክሩን ስትስብ ታወራው ጀመር። መጀመሪያ ስለ ሥራ ነው። «ፍጥነቱን መሀል ላድርገው ወይስ ወደ ግራህ?» ትለዋለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር። ሐሙስ ፊት ለፊት የማትደፍረውን፣ ሌት ተቀን የምታስበውን፣ ተመልሳ ለመሄድ ያሰበችበትን ቀን፣ የማትሄድበትን ምክንያት። እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ታወራለች። እንጨት ነው፤ ግን በጣም በትክክል የተሠራ ነገር አጠገብ ሲቀመጡ ሰው ብቻውን አይደለም። ከቦታው ቀና ስትል፣ የእንጨቱ ራስ አብሯት ቀና ያለ የሚመስላት ጊዜ ነበር።

ሠራተኞቹ አልወደዱትም።

«እኔ ይሄ ሰውዬ እያየኝ ቀለም አልረጭም» አለ ቀለም ቀቢው።

«እንጨት ነው እኮ» አለችው።

«እንጨት እንደሆነማ አውቃለሁ። እሱ ማወቁን ነው የምጠራጠረው።»

ሳቅ ሆነ። ያም ሆኖ አጎቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲያበቃ የእንጨቱን ሰው በአንሶላ ይሸፍነው ጀመር። ጠዋት ሲመጡ አንሶላው ወለሉ ላይ ወድቆ ይገኛል። አጎቷ «ንፋስ ነው» ይላል። በዚያ በኩል መስኮት የለም። ማንም ይህን አላነሳም።

እትዬ በአንድ ዝናባማ ቀትር ላይ መጡ። ቆርቆሮው ጣራ ላይ ዝናቡ ይደበድባል፤ ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እንኳ አይሰማማም። ጃንጥላቸውን ለሾፌሩ ሰጥተው ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ ሄዱ። በሩ ክፍት ነበር። የእንጨቱ ሰው መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቁም። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ መዳፋቸውን በእንጨቱ ትከሻ ላይ አድርገው፣ ሥራ ላይ እንደጎበጠ ልጅ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት።

«ቀና በል እንጂ» አሉት። «ጀርባህን ያምሃል።»

ነዳፊዋ ክው አለች። ዝናቡ ነው ያሳሳተኝ አለች በልቧ።

«አንገቱን እንዴት አወቅሽው?» አሏት ሳይዞሩ።

«ቁጥሩ ነው ያመጣው እትዬ። እርስዎ እንደጻፉት።»

«ሰው ቢያስረዱት እንዲህ አይሠራውም።» ድምፃቸው ሞቀ። እትዬ ከሰው ጋር በዚህ ድምፅ ሲያወሩ ነዳፊዋ ሰምታ አታውቅም። «ልጄ በዚህ መኪና ከደጅ ሲወጣ ማየት ነው የቀረኝ። እሱን ካየሁ ሌላ አልፈልግም።»

«ያዩታል እትዬ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ውጭ ስለሚቀመጠውም ነግረውኛል» አሉ በዚያው ድምፅ። «እሱን ተዪው። ለልጄ ጨርሺ።»

ጃንጥላቸውን ተቀብለው ወጡ። ነዳፊዋ እንደ ማንኛውም የወደደ ሰው የሰማችው የገዛ ፍርሃቷን ነው። «ደረጃሽን እወቂ» እንዳሏት ቆጠረችው። አንዲት እናት አንዱን ልጇን «ልጄ» እና «እሱ» ብላ ለሁለት መክፈሏ እንግዳ ነገር መሆኑ አልታያትም። ዝናቡ ሲያባራ ብቻዋን ቆማ፣ ይህን ያህል የሚወደድ ልጅ ውስጥ ለእኔ የሚተርፍ ቦታ የት ይኖራል እያለች የእንጨቱን ሰው ጉልበት ትደባብስ ነበር።

* * *

ዳሽቦርዱ ያለቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከጥቁር እንጨት የተፈለፈለ፣ አምስት ክብ መስታወት ያለው። ቁጥሮቹን በእጇ ነው የጻፈቻቸው። መርፌዎቹን ቀይ፣ እንደ ጸጉር የቀጠኑ አድርጋቸዋለች። አምስቱንም ጌጆች ወደሚነዳው ሰው ዓይን ትንሽ ቀና አድርጋ ነው የገጠመቻቸው፤ መስታወቱ እንዳያንጸባርቅበት። መብራት ሲነካ ሁሉም የሻማ ዓይነት ብርሃን ይሰጣሉ። ሠራተኞቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው ከበው አዩት። ቀለም ቀቢው እንኳ ቀልድ አጣ።

ትንሹን ጠራችው። እግሩን እየጎተተ መጣ። በሩን ከፍታለት ሲገባ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ተቀመጠ።

ቀኝ እጁን አንስቶ የመብራቱን ማብሪያ ፈለገ። በቀኝ በኩል የለም። በግራ በኩል፣ የግራ እጁ እንኳ ከማይደርስበት፣ አንድ ስንዝር ይርቃል። አንገቱን አሰገገ። ወደ ታች አለ፣ ወደ ላይ አለ።

«የፍጥነቱ አይታየኝም» አለ። «መሪው ጋርዶታል።»

«ሊሆን አይችልም።»

«መስታወቶቹም...» ቆመ። «ሚሊ፣ መስታወቶቹ ውስጥ ያለው ከራሴ በላይ ያለው ቦታ ነው። አምስቱም ውስጥ። ሰው ሊኖርበት የሚገባው ባዶ ቦታ።»

ጎንበስ ብላ በእሱ ዓይን ልክ አየች። እውነቱን ነው። ጌጆቹ በሙሉ፣ አምስቱም፣ ከጸጉሩ በላይ ያለ አንድ ነገር ላይ አፍጥጠዋል። በቅንነት፣ በትጋት፣ አንድ ሚሊሜትር ሳይሳሳቱ።

«የማን ልክ ነው ይሄ?» አላት።

«ያንተ ነዋ። እናትህ ናቸው የጻፉት።»

ትንሹ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አነሳ፤ የጋለ ብረት እንደነካ።

«ወንድሜ ረጅም ነበር» አለ። «ግራኝ ነበር። አንገቱን እንዲህ ነበር የሚያደርገው።» አሳያት። አንገቱ ሲያጋድል ነዳፊዋ ሁለት ወር ሙሉ ያወራችውን ሰው አየችው። «መኪናዋ የሱ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ወጣ። መንገድ ዳር ቆማ አገኘናት። አልተጋጨች፣ ጭረት የላትም፤ ሞተሯ እየሠራ ነው። እሱ መሪውን እንደያዘ ነበር። ልቡ ነው አሉ። እናቴ በሳምንቱ ዳሽቦርዱን በመፍቻ አስነቀለችው። ልጄን መጨረሻ ያየው ይህ ነው፣ ዓይኑን ማየት አልችልም ብላ።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አለች። ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት።

«ከተማው በሙሉ ያውቃል። አጎትሽ ያውቃል። አንቺ ብቻ አታውቂም?» ከመኪናዋ ወረደ። የቁጣ ፊት አይደለም ያየችበት፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለ። «እናቴ ስታየኝ እሱን ነው የምትፈልገው፤ ለምጄዋለሁ። የማተሚያ ቤታችን ሠራተኛ ሁሉ እንደዚያ ነው። አንቺ ግን ትለኪያለሽ፤ ሰውን ትለኪያለሽ። አንቺም?»

ብርቱካኑን በኪሱ እንደያዘ ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ የሚልጠው በቀኝ እጁ ነበር። ይህን ዓይኗ በአራት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ አይቶታል፤ እሷ ግን ወረቀቱን አመነች። ሩቅ አገር ሄዳ የተማረችው ይህንኑ ነበር፤ ዓይን ይሳሳታል፣ የተጻፈ ልክ አይሳሳትም።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

አጎቷ ባርኔጣውን አውልቆ አየው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የምታውቂ መስሎኝ። የልጁ ልብ ውስጥ የገባሽ ሰው ይህን ታጪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

መኪናዋ ውስጥ ያሉት አምስት መስታወቶች በርተው፣ ባዶውን ወንበር በትክክል እያዩ ነበር። ያሳፈራት ስህተቷ አይደለም። በሕይወቷ የሠራችው ከሁሉ የተዋጣ ሥራ እሱ መሆኑ ነው።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሁለት ወረቀት መጣ። የእትዬ አጭር ነው። «ሰምቻለሁ። እንዳለ ይሁን፣ አንዳች እንዳትነኪ። ትንሹ ይለምደዋል። ብዙ ነገር ለምዷል።»

ሁለተኛው ቀጭን ትራፊ ወረቀት ነው፤ ከእስከዛሬው ሁሉ ይረዝማል። ወለሉ ላይ ዘርግታ ተንበርክካ አነበበችው።

«ሚሊ፣ ኮቶቼ ለምን እንደሚረዝሙኝ ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔም አልነገርኩሽም። የሱ ናቸው። በሱ ወንበር ነው የምበላው፣ በሱ አልጋ ነው የምተኛው። እናቴ ጠዋት ስታየኝ ፊቷ ይበራል፤ ከዚያ ቀረብ ስል ይጠፋል። በየቀኑ ነው። እንዲህ ሆኜ ስኖር አንድ ነገር አስብ ነበር፦ ሰውን ሳትለካ እርሳስ የማታነሳ ሴት አለች፣ አንድ ቀን እኔን ትለካኛለች። ያን ቀን ሜትሩን ስትጠቀልይው ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ግን አፍራ ነው አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን እወስዳለሁ። እናቴ ከደጅ ቆማ ስወጣ ታየኛለች፤ አንዴ ከወጣሁ በኋላ እኔ የምባል ሰው የሚቀር አይመስለኝም። ከዚያ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። ለመልሱ ስል አልቆጣም። አራት ወር ሙሉ የወደድሽው ማንን ነው?»

ወረቀቱን ጠቀለለችው፣ ዘረጋችው። «አንተን» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ቃሉ አራት ፊደል አይበልጥም። እጇ ግን እምቢ አለ። ትከሻውን ይዛ ስታወራ የነበረችው ከማን ጋር ነው? ጠዋት ጠዋት ወደ ጋራዡ ስትሮጥ ከነበረው ደስታ ስንቱ የሐሙስ ነው፣ ስንቱ የእንጨቱ?

መፍቻ አነሳች።

አጎቷ ዳሽቦርዱን ስትፈታ አይቶ አጠገቧ ቆመ። «ሴትዮዋ እንዳትነኪ ብለዋል።»

«ብለዋል።»

«ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ በከተማው የቆመ መኪና ሁሉ በእኛ በር አያልፍም።»

«ጋሼ፣ በሕይወት ላለ ሰው ልክ ያልሆነ ነገር ገጥመን እንስጥ?»

አጎቷ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ብሎን ያዘላት። «በግራ በኩል ያለው ዝጓል» አለ። «ቀስ ብለሽ ነው።»

የእንጨቱን ሰው ያፈረሰችው እሷ ራሷ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። መጀመሪያ ክሩን ቆረጠች። ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ትከሻውን። እያንዳንዱን ጣውላ ስታስቀምጥ «ይቅርታ» ትላለች፤ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። ራሱ መጨረሻ ቀረ። ሁለቱን ሚስማሮች ስትነቅል ዓይኗን ጨፈነች። ስታለቅስ ቀለም ቀቢው አይቷት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ግድግዳ መቀባት ጀመረ። ያላየችውን፣ ድምፁን ያልሰማችውን፣ ሰባት ቁጥር ብቻ የሆነ ሰው ቀበረች። ሐዘኑ ግን የእውነት ሐዘን ነበር።

* * *

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ትንሹ መጣ። ከወንድሙ ኮቶች ሁሉ ጥቁሩን ለብሷል። እጅጌውን አላጠፈውም፤ ጣቶቹ አይታዩም። በሩን ከፍቶ ጉድጓዱን አየ፤ ሽቦዎቹ ተወዛወዙ።

«መልስሽ ይሄ ነው?»

«አይደለም» አለች። «መልሱን አላውቀውም።»

ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ ያላቀረቀረበት ቀን ነው።

«ልዋሽህ አልፈልግም» አለች። «ሐሙስ የማወራው ከአንተ ጋር ነበር። በሌላው ቀን ከሱ ጋር ነበርኩ። አንተ ነህ እያልኩ ነበር፤ አልነበርክም። የቱ ለአንተ፣ የቱ ለሱ እንደሆነ አሁን መለየት አቃተኝ። ምናልባት ግማሹን የሰጠሁት ለሌለ ሰው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ኮትህን አውልቅና ቁጭ በል። ልለካህ።»

«እዚህ ወንበር ላይ ነው የሞተው ሚሊ።»

«አውቃለሁ። አሁን ሁሉም ነግሮኛል።»

ኮቱን ማውለቅ ጊዜ ወሰደበት። አጎቷ ተቀብሎ ቀስ ብሎ በክንዱ ላይ አደረገው፤ ሰው እንደሚታቀፍ። ትንሹ በሸሚዝ ተቀመጠ። ሸሚዙ ልኩ ነበር። መዶሻው ዛሬም ዝም አለ፣ ቀለም ቀቢው ዛሬም ቆሞ ያያል፤ እሷ ግን ሜትሩን አልጠቀለለችውም።

«ዓይንህን ጨፍን። ሲደክምህ እንደምትቀመጠው ተቀመጥ።»

ከወገብ እስከ ጉልበት። ከጉልበት እስከ ፍሬን። ቁጥሮቹን ጮክ እያለች ጻፈች። ሁሉም እንግዳ ናቸው፤ አንዱም ከምታውቀው ጋር አልገጠመም። አንገቱ አያጋድልም፤ ይልቅ ወደ ፊት ደፋ ይላል፣ ተጠርቶ «አቤት» ለማለት እንደተዘጋጀ። ይህን ማንም አልጻፈላትም። ሜትሩን በአንገቱ ላይ ስታዞር ከሥሩ የደም ሥሩ መታት። እጇን አነሳች፣ መለሰች። እንጨቱ ይህ አልነበረውም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለ ትከሻ ላይ እጇን ስታሳርፍ የጎደላት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ፤ ዓይኑን ግን እንዳለችው አልከፈተም።

«አልወድህም በይኝ ብልሽ ይሻላል?» አለ በሹክሹክታ።

«አትንቀሳቀስ» አለች። «ገና እያወቅኩህ ነው።»

የእትዬ መኪና ሲቆም ማንም አልሰማም። ሰው ሁሉ ዞር ሲል በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው በመኪናዋ ከቤታቸው ደጅ ሲወጣ ለማየት ቆመው፣ ሳይመጣ ሲቀርባቸው ነው የመጡት።

«ዳሽቦርዱ የት አለ?»

«አውጥቼዋለሁ እትዬ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

አጎቷ «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ...» ብሎ ጀመረ። «አንተ ዝም በል» አሉት፤ ከዚያም ክንዱ ላይ ያለውን ኮት አዩ። ዓይናቸው ከኮቱ ወደ መኪናዋ ሄደ። ወንበሩ ላይ አንድ ሰው በሸሚዝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እትዬ ወደ በሩ ቀረቡ። ፊታቸው እንደበራ ነዳፊዋ አየች፤ እንደሚጠፋም አውቃ ጠበቀች።

«ማን ነው እዚያ የተቀመጠው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ እማ» አለ ትንሹ።

ፊታቸው ጠፋ። ግን ዞረው አልሄዱም። በዚያ ቁመት፣ በዚያ ሸሚዝ፣ ያለ ሌላ ሰው ኮት አይተውት የማያውቁ ያህል አዩት።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

«ምኑ እትዬ?»

«ከዓይኑ እስከ መሪው።»

«ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ ስምንት ነው» አሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። «እሱ ስልሳ ስምንት ነበር።» ወደ ወንበሩ አዩ። «ይሄ ስልሳ አንድ ነው።» ቁጥሩን ያሉት በባዕድ አገር የመንደር ስም እንደሚማር ሰው ነበር።

ነዳፊዋ ሜትሩን ዘረጋች። ይህን ሥራ ብቻዋን ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች። «ከትከሻው እስከ ጣቱ ይቀረኛል» አለች። «ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»



እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። የሜትሩን ጫፍ ያዙ። ነዳፊዋ ሌላውን ጫፍ ይዛ በልጁ ጣት ላይ አደረገች፤ ጣቱ ጣቷን አጥብቆ ጨመደደው። የእናቲቱ እጅ ወደ ትከሻው ሄደና ሳይደርስ ቆመ። ከትከሻው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ባዶ አየር ላይ፣ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ አረፈ። እጁ ለሰባት ዓመት ያልረሳው ቦታ ነው። ቦታውን ያውቀዋል። የእጃቸው መዳፍ በሌለ ትከሻ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀረ፤ ያን ጊዜ ነዳፊዋ በዓይኗ የማይታየውን ሰው ቁመት ልትምል በምትችለው ልክ አየችው።

ትንሹ ቀና ብሎ አላየም። ጠበቀ። ጣቱ ውስጥ ያለው ጣቷ ሊሰበር ደረሰ። «ተወው» ልትለው፣ «እናትህን ተዋት» ልትለው፣ አብረን እንሂድ ልትለው ፈለገች፤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላለችም፤ ልኩ ገና አልተወሰደም።

ከዚያ የእትዬ እጅ መውረድ ጀመረ። በጣም ቀስ ብሎ፣ ጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚወርድ እግር፣ ሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቅ። መቼ የልጁን ትከሻ እንደነካ ነዳፊዋ አላየችም። ያወቀችው በጣቱ ነው፤ በክንዱ አልፎ፣ በሜትሩ አልፎ፣ ጣቷ ድረስ የመጣ ድንጋጤ፣ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ ሙቀት።